ዝቅ ሲያደርጉት

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ፣
ሰባት ቁጥርን ይዤ አበርዌን ወጥቼ፣
ጡረታ ስገባ ባልደረቦች አዋጥተው
ኬክና አንድ ካርቶን ሰጡኝ አንጠልጥለው።
ካርቶኑን ብከፍት ዘንግ ላይ ያለ ጣባ፣
ሦስት ቁልፍ፣ አንድ መርፌ፣ ቢጫ የተቀባ።
«ብረት ፈላጊ ነው፣ የጀማሪ» አሉኝ፤
መጥበሻ ነበረ ያሰብኩት፤ አሳቁኝ።

ሌሊቱን ሲያናውጥ ባደረ በነጋው፣
የካቲት ነው፣ ብርድ ነው፣ ሄድኩኝ ወደ አሸዋው።
ነፋሱ ይልጣል ጆሮን እንደ ቢላ፤
አንድ ቡችላ ብቻ ያባርራል ጥላ።
ደረቁ አሸዋ ላይ ነገሩ ገር ነበር፤
ጢው! ይላል፤ በእጅ አካፋ ጎንበስ ብሎ መቆፈር።
ጢው! የቢራ ክዳን። ጢው! ሌላ የቢራ ክዳን።
ጢው! ምስማር። ጢው! ሌላ ምስማር፣ የወንድሙን ጎን ለጎን።
ጢው! ቀለበት!... የለስላሳ ቆርቆሮ መክፈቻ፣
ጥማትና ጣት ያሰሩት ያንድ ደቂቃ ጋብቻ።
ጉድጓዴን ግን ሁሉ መልሼ ደፈንሁ፤
ነገ የሚሮጥ ልጅ እንዳይወድቅ ሰጋሁ።

ከዚያ ወደ እርጥቡ ወረድኩ፣ ባሕሩ ወደ ለቀቀው፣
አሸዋው እንደ መስታወት ሰማይ ወደሚያሳየው።
መሣሪያው አበደ።
ጢጢጢ ጢው ጢጢ፣ ማቆሚያ የሌለው ጫጫታ፣
ጭልፊት እንዳንዣበበበት የጫጩቶች ኡኡታ።
ወርቅ ላይ ቆሜያለሁ! አልኩኝ፤ ቆፈርኩ እስከ ክርኔ፤
ውሃ። እዚያ ማዶ፣ ውሃ። ጨው ገባ በዓይኔ።

ጌዚን መጣ በዚያ በኩል፣ የድሮ ደንበኛዬ፣
አንድም ቀን በሰዓቱ ያልደረሰ ፌርማታዬ።
ጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣
ጉድጓዶቼን አየ ሳቁን በጓንት ከልሎ።
«ጨዉ ነው የሚጮኸው፣ ኔስታ፣ ብረት አይደለም፤
የጀማሪ መሣሪያ ጨውና ወርቅ አይለይም።
ያችን ቁልፍ ተጫኚ፣ ስሜቱን ዝቅ አድርጊው፤
ትንሽ ሲደነቁር ነው ደኅና የሚሰማው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ከኋላዬ የጮኸውን፣
ሰካራሙን፣ ተማሪውን፣ ሕፃኑን፣ ሬዲዮውን፣
እኔም እንዲሁ ነበር የቻልኩት፤ ለእሱ ማን ነገረው?

ዝቅ አደረግኩ። ባሕሩ ዝም አለ በጆሮዬ።
አንድ እርምጃ፣ ጢው። ሌላ እርምጃ፣ ጢው። ወይ ጌታዬ!
በሄድኩበት ይጮኻል፣ ስቆም ይቆማል፤
ምን ዓይነት ሀብት ነው ይህ፣ ተከትሎኝ ይመጣል?
ለካ ጫማዬ ነው፤ የጋራዡ፣ አፍንጫው ብረት፣
ለእግሬ አስበው የሰጡኝ፣ ጎማ እንዳይወድቅበት።
ጌዚን አሁን በጓንቱ አልከለለም ሳቁን፤
እኔም ሳቅኩ፣ እያየሁ የገዛ እግሬን ጉዱን።

ቤት ሄጄ የላስቲክ ቦት አድርጌ ስመለስ፣
ባሕሩ መምጣቱን ጀምሯል ቀስ በቀስ።
የቀረኝ ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢሆን፣
ዝግ ብዬ ዳሰስኩ ውሃ የተኛበትን።

ጢው።

አንድ ጊዜ። ጥርት ያለ። ተመልሼ ባልፍም ያው ነው፤
አልተንጫጫም፤ በስሜ ጠራኝ፣ ሰው ሰውን እንደሚጠራው።
ሦስት ጣት ያህል ብወርድ፣ አሸዋው ሲናድላት፣
ሰባት ጎን ያላት ሃያ ፔኒ፣ ባሕር ያጠቆራት፤
የንግሥቲቱ ፊት ተሸርሽሮ፣ አፍንጫ ብቻ የቀራት።
በቃ። ይኸው ሀብቴ። ዳቦ እንኳ አትገዛም፤
በእኔ መስመር ላንድ ፌርማታ መንገድ አትበቃም።

ግን ያቺ እርጥብ ሳንቲም ስታርፍ መዳፌ ላይ፣
ባሕሩም ሲጠጋኝ፣ ሲጨልም ሰማይ፣
አፌ አላስፈቀደኝም፣ ከልማዱ ጋር ነው፣
ሳንቲም ያቀበለኝን ሁሌም እንደሚለው፣
«ወዴት ነህ?» አለው ባሕሩን።

መልስ የለም። ቦቴን ልሶ ሄደ፤ መጣ።
ጉድጓዷን ደፈንኩና ቦታ ለቀቅሁለት፣
ፈቀቅ ብዬ ወደ ኋላ፣ በሩን እንደመክፈት።